ስሙ የማይጠራው መድኃኒት

ከተራራ ሥር በተቀመጠችው በዚያች መንደር ለሁሉም ጉዳይ ከጫካ የሚቆረጥ ነገር አለ። ጥርስ የሚፋቀው በእንጨት፣ ልብስ የሚታጠበው በፍሬ፣ ድስት የሚፈተገው በሻካራ ቅጠል፣ ጣሪያ የሚከደነው በሣር ነው። ወንዝ ውስጥ ያለው ዓሣ እንኳ ተወቅጦ በሚበተን ፍሬ ሰክሮ ይንሳፈፋል እንጂ በመንጠቆ ልያዘው ብሎ የሚደክም ሰው የለም። ሳሙና ከሱቅ የሚገዙ ቤቶች አሉ፤ ሳሙናው ግን እንግዳ ሲመጣ ለመታየት የሚወጣ ዕቃ ነው። ሰው ሲታመም ደግሞ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ እማማ ምስጢር ነው። ጤና ጣቢያው የሚታወሰው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

«እማማ ምስጢር» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ፀጉር ቆራጩ ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። ለጠየቃቸው ሁሉ መድኃኒት ይሰጣሉ፤ የመድኃኒቱን ስም ግን ለማንም አይናገሩም። «ስሙ የተጠራ መድኃኒት ኃይሉ ይሸሻል» የሚለውን ከአማታቸው ተቀብለው፣ ለመንደሩ አስተምረው፣ እንደ ሕግ አጽንተውታል። ይባስ ብሎ፣ ከተራራው ቅጠል ይዘው ሲወርዱ ቤታቸው እስኪገቡ ድረስ ቃል አይተነፍሱም። ይህን የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት መንገድ ይለቅላቸዋል እንጂ አያናግራቸውም።

ፀጉር ቆራጩ ግን ያናግራቸዋል። ወንበሩን ከመንገዱ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር አኑሮ ይሠራል፤ መቀሱ ከሚሠራው ምላሱ የሚሠራው ይበልጣል። ገና ከሩቅ ሲያያቸው የደንበኛውን ራስ ግማሽ ለግማሽ ላጭቶ ይተወውና ብድግ ይላል።

«እማማ! እንዴት አደሩ?»

ዝም።

«እማማ፣ ላምዎ እኮ የሰው ማሳ ውስጥ ገብታለች!»

ዝም። እርምጃቸው ግን ይፈጥናል።

«እማማ፣ ቤትዎ እየጨሰ ነው፤ እሳት ሳይሆን አይቀርም!»

ይኼኔ እማማ ምስጢር በአንድ እጃቸው ቅጠላቸውን ደረታቸው ላይ ያጣብቁና በሌላው ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ራስ ቅሉ ያመለክታሉ። ትርጉሙን የማያውቅ የለም። ቅጠሉን ቤት አስቀምጠው ሲመለሱ ደግሞ መንገድ ላይ ያጠራቀሙትን ስድብ በአንድ ጊዜ ያወርዱበታል። ደንበኛው ራሱ በግማሹ እንደተላጨ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ሌላ ምን ያድርግ።

እማማ ምስጢር የሚኖሩት ከአንዲት ልጃቸውና ከአማቻቸው ከአናጢው ጋር ነው። ልጅቷ በቤት አያያዟ የተመሰገነች ናት፤ ችግሯ ነገርን ሁሉ ከመጨረሻው መጀመሯ ነው። ዶሮ ካስነጠሰች በሽታ ገባ ትላለች። ባሏ ከሥራ ትንሽ ከዘገየ፣ ከጣሪያ ወድቆ በሰው ሸክም እየመጣ ነው ብላ ወገቧን አስራ ደጅ ትቆማለች፤ በእግሩ ሲመጣ ደግሞ ሆን ብሎ ያስደነገጣት ይመስል ትቆጣዋለች።

መድኃኒቶቹ የሚቀመጡት ከማድቤቱ ጣሪያ ሥር ካለው ወራጅ ላይ ነው። እማማ ምስጢር እያንዳንዱን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በቁራጭ ጨርቅ ቋጥረው ያንጠለጥሉታል። ጽሑፍ የለበትም፤ ምልክቱ ጨርቁ ነው። ከሟች ባላቸው ሸሚዝ የተቀደደው የሆድ መድኃኒት ይይዛል፤ ከአሮጌ መጋረጃ የተቀደደው የልብስ ማጠቢያውን፣ የጆንያው ቁራጭ ደግሞ ለቆዳ የሚሆነውን። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ልጃቸው ከትንሽነቷ ጀምሮ «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስትል የምታገኘው መልስ «መድኃኒት» ነበር። «የምን?» ስትል፣ «የሚያድን።» በመጨረሻ መጠየቁን ተወችው።

አንድ ጠዋት እናትየዋ ተራራ እንደወጡ፣ ልጅቷ ወራጁ ላይ አይጥ ስትሄድ አየች። አይጧ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ረግጣ አለፈች። ሌላ ሰው ቢሆን መጥረጊያ ወርውሮ ዝም ይል ነበር። እሷ ግን የአይጧ ቆሻሻ ከጨርቁ ወደ መድኃኒቱ፣ ከመድኃኒቱ ወደ ኩባያው፣ ከኩባያው ወደ ባሏ ሆድ ሲገባ፣ ባሏ ሲሞት፣ እሷም በዚህ ዕድሜዋ ጥቁር ለብሳ ስትቀመጥ ወለል ብሎ ታያት። ቋጠሮዎቹን ሁሉ አወረደች። ዱቄቶቹን በየሳህኑ ገለበጠች፤ ጨርቆቹን በፈላ ውሃ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ሲደርቁ መልሳ ቋጥራ እንደነበሩ አንጠለጠለቻቸው። እንደነበሩ ማለት ግን በቁጥር ነው። የትኛው ዱቄት በየትኛው ጨርቅ ውስጥ እንደነበረ ልብ አላለችም። ለእሷ ሁሉም «መድኃኒት» ነው።

አደጋ የሚባለው ነገር አመጣጡ እንዲህ ነው። በር ሰብሮ አይገባም፤ ቤት እናጽዳ ስንል እኛው በእጃችን እናስገባዋለን።

አናጢው ትከሻው ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ለሚስማር የማይራራ፣ ለራሱ ግን በጣም የሚራራ ሰው ነው። ጣቱን ስንጥር ከወጋው ተኝቶ ይጠየቃል። ጨርቆቹ ከታጠቡ ሳምንት ሳይሞላ ከወንዝ ማዶ የአንድ ሰው ጣሪያ መትቶ ጨረሰና ባለቤቶቹ ደስ ብሏቸው አንድ ድስት የተቀቀለ ባቄላ አቀረቡ። ድስቱ ለሠራተኛው ሁሉ ነበር፤ አናጢው ግን ሌሎቹ እጃቸውን ታጥበው እስኪመለሱ አልጠበቀም። ቤቱ የደረሰው ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ ነው።

«ወይኔ! ልፈነዳ ነው!» አለ ደጃፉ ላይ። «ሆዴ ውስጥ ሰው መጋዝ እየሳበ ነው!»

«ሞተ!» ብላ ጮኸች ሚስቱ፣ ገና ሳይገባ።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አሉ እማማ ምስጢር። «ባቄላ ነው። ባቄላ የገደለው ሰው እስካሁን አላየሁም።»

ጉንፋን ይዟቸው ነበር፤ ድምፃቸው ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ማድቤት ገብተው የባላቸውን ሸሚዝ ቁራጭ አወረዱ፤ ከዱቄቱ እፍኝ ዘግነው በውሃ አፈሉት። በደህናው ጊዜ ቢሆን ሽታው ብቻ ይነግራቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን አፍንጫቸው እንደ እሑድ ሱቅ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

አናጢው ኩባያውን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። ቀመስ አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

«እማማ፣ ዛሬ መረረኝ። ጉሮሮዬንም ቧጨረኝ እኮ።»

«በሽታህ ጠንክሯል ማለት ነዋ። ጨልጠው!»

ጨለጠው። ኩባያውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ፤ አፉን ሲከፍት የወጣው ቃል ሳይሆን አረፋ ሆነ። ነጭ፣ ድፍን ያለ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ የሚታይ ዓይነት አረፋ። አንዷ ኳስ ከከንፈሩ ተላቃ በአየር ላይ ተንሳፈፈችና ሚስቱ አፍንጫ ላይ ስትደርስ ፈነዳች።

«ክፉው ነገር እየወጣ ነው!» አሉ እማማ ምስጢር በደስታ።

«ነፍሱ ናት የምትወጣው!» አለች ልጃቸው።

ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ያለ ቦታው ስትፈራ ኖራለች፤ በዚያ ቀን ግን ፍርሃቷ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ። አናጢው እያስመለሰ ተንበረከከ፤ ከዚያም ተኛ። ከንፈሩ ነጣ። የማያቋርጥ ወሬ የነበረው ሰው አሁን የሚያሰማው ማቃሰት ብቻ ነው፤ እሱም እየቀነሰ ሄደ።

ጎረቤት ተጠራ። መሸከሚያ ቃሬዛ ጠፋ። ግቢው ውስጥ ግን ፀጉር ቆራጩ አዝዞት ገና ያልወሰደው አዲስ በር ተጋድሞ ነበርና፣ አናጢውን በገዛ ሥራው ላይ አስተኝተው አራት ሆነው አነሱት። ከአራቱ አንዱ ራሱ ፀጉር ቆራጩ ነው።

«ቀስ! ቀስ በሉ እባካችሁ!» ይላል በየመታጠፊያው።

«እግዜር ይስጥህ፣ ለባሌ አስበህ» አለችው ሚስትየዋ እንባዋን እየጠረገች።

«ለሱም ነው» አለ ፀጉር ቆራጩ። «ግን ደግሞ ማጠፊያው እንዳይነቀል።»

እማማ ምስጢር ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ካፈሉት የቀረውን መድኃኒት በጠርሙስ ሞልተው፣ በቡሽ ወትፈው፣ ከሻላቸው ሥር ሸሽገዋል። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። መድኃኒቱ ክፉውን ነገር መግፋት ጀምሯል፤ አንድ ኩባያ ቢጨመርለት ጠራርጎ ያወጣዋል። ነርሷ ዞር ስትል ያጠጡታል። ክፋት አልነበረባቸውም። አማቻቸውን እንደ ልጃቸው ይወዱታል፤ ሰው ደግሞ በጣም የሚጎዳው በሚወዱት እጅ ነው፤ ከጠላቱማ ይጠነቀቃል።

ጤና ጣቢያው አንድ መተላለፊያና አንድ ማከሚያ ክፍል ያለው ቤት ነው። ነርሷ ወጣት ናት፤ ከሌላ ቦታ ተመድባ ከመጣች ብዙ አልቆየችም። ሕመምተኛ በበር ላይ ተጭኖ ሲመጣ አይታ አታውቅም።

«በሩ ለምንድን ነው?» አለች።

«የኔ ነው» አለ ፀጉር ቆራጩ።

አናጢውን ወደ አልጋው አዛወሩት። ፀጉር ቆራጩ በሩን ግድግዳ አስደግፎ፣ የሚሰርቀው ያለ ይመስል አጠገቡ ቆመ። ነርሷ የልብ ምቱን አዳመጠች፣ ግፊቱን ለካች፣ ዓይኑን በባትሪ አየች። ፊቷ እየከበደ ሄደ።

«ምን ጠጣ?»

ሁሉም ወደ እማማ ምስጢር ዞሩ።

«መድኃኒት» አሉ።

«የምን መድኃኒት?»

«የሆድ።»

«ስሙ ማን ይባላል፣ እማማ?»

«አይጠራም።»

«እንዴት አይጠራም?»

ፀጉር ቆራጩ ሊያግዝ ገባ። «ሲስተር፣ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሸሻል። የመንደሩ ሕግ ነው።»

«ወዴት ነው የሚሸሸው?»

ፀጉር ቆራጩ ራሱን አከከ። ይህን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «እንግዲህ...» አለ፤ «ወደ ተራራው ይሆናላ።»

ነርሷ አልሳቀችም። ወንበር ስባ እማማ ምስጢር ፊት ለፊት ተቀመጠች። «እማማ፣ ይስሙኝ። በዚህ አካባቢ ዓሣ የሚያሰክሩበት ፍሬ እንዳለ አውቃለሁ። የጠጣው እሱን ከሆነ አሁኑኑ መኪና ጠርቼ ከተማ ሆስፒታል መላክ አለብኝ። እሱ ካልሆነ ግን በዚህ ድካሙ ግማሽ ቀን በጎርባጣ መንገድ ማንገላታቱ ራሱ ይጎዳዋል፤ እዚሁ ላክመው እችላለሁ። የቱን ላድርግ? ሰውየው አይናገርም፤ እኔ አላውቅም። የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እማማ ምስጢር ከንፈራቸውን ነከሱ። መድኃኒቱ አሁን ያለው አማቻቸው ሆድ ውስጥ ነው። ስሙን ቢጠሩት ኃይሉ ጥሎት ይሸሻል፤ ልጁ ባዶውን ይቀራል። ዝም ያሉት ሊያድኑት ነው፤ ይህን ለዚህች ነርስ እንዴት ያስረዷት?

«እማዬ፣ በናትሽ ተናገሪ!» አለች ልጃቸው።

«በምልክት ያሳዩና» አለ ፀጉር ቆራጩ። «ምልክት መጥራት አይባልም።»

ይህ ትንሽ ልባቸውን አነሳሳው። መዳፋቸውን ከወለሉ ከፍ አድርገው በወገባቸው ቁመት አቆሙ፤ ቀጥለው ጣቶቻቸውን በትነው እንደሚርገፈገፍ ነገር አንቀጠቀጡ።

ፀጉር ቆራጩ ዓይኑን አጥብቦ አጤነ። «ፍየል!»

«ፍየል አፍልታ አጠጣችው ነው የምትለው?» ብላ ሚስትየዋ ጮኸችበት።

ነርሷ ተነሳች። «ጊዜ የለንም። ካልተናገሩ ክፉውን አስቤ መኪና መጥራት ነው ያለብኝ» ብላ ስልኳን ይዛ ወደ መተላለፊያው ወጣች።

እማማ ምስጢር የሚጠብቁት ይህችን ሰዓት ነበር። ወደ አልጋው ጠጋ ብለው ሻላቸውን ገለጥ አደረጉ። ጠርሙሱ ግን እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ በአሮጊት እግር ሲናጥ መጥቷል። ገና ሲነኩት ቡሹ «ቷ!» ብሎ ዘለለ፤ ጣሪያውን መታና ፀጉር ቆራጩ ራስ ላይ ወደቀ። አረፋው ከጠርሙሱ አፍ እየተገፋ በሻላቸው፣ በቀሚሳቸው፣ በወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ልጃቸው እጃቸውን ቀብ አድርጋ ያዘች። «ልትጨምሪለት ነበር?»

ነርሷ ድምፁን ሰምታ ተመለሰች። አረፋውን በጣቶቿ አሸችው። «እማማ፣ ይሄ እኮ እንደ ሳሙና ነው።»

«የኔ መድኃኒት አረፋ አያወጣም!» አሉ እማማ ምስጢር፤ ራሳቸውም ደንግጠዋል። «በዘመኔ አረፋ አውጥቶ አያውቅም!»

ልጃቸው ቀስ ብላ እጃቸውን ለቀቀች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማዬ... ጨርቆቹን አጥቤያቸው ነበር።»

«የትኞቹን ጨርቆች?»

«የመድኃኒቶቹን። አይጥ ሄዳባቸው... ዱቄቱን ገልብጬ፣ አጥቤ፣ መልሼ ቋጠርኩት።»

«የአባትሽን ሸሚዝ በየትኛው ላይ ቋጠርሽው?»

«እኔ ምን አውቄ? ቀድሞ የደረቀውን ጨርቅ ቀድሞ በተገኘው ላይ ነዋ!»

«ምነው እኔን ሳትጠይቂ?»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ?» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ስንት ዘመን ጠየቅሁሽ! ሁሌ መድኃኒት ነው አልሽኝ። ሁሉም መድኃኒት ከሆነ የትኛው በየትኛው ቢቋጠር ምን ለውጥ አለው ብዬ ነዋ!»

እማማ ምስጢር አልጋው ላይ የተኛውን ሰው ተመለከቱ። ሆዱ ውስጥ ያለው የሳቸው መድኃኒት አይደለም። እንግዲያው የሚሸሽ ኃይልም የለም። ታዲያ ምላሳቸው ለምን አይፈታም?

ይኼኔ አማታቸው የነገሯቸው ሁለተኛው ቃል ትዝ አላቸው። የመጀመሪያውን ለመንደሩ ሁሉ አስተምረውታል፤ ሁለተኛውን ለማንም ነግረው አያውቁም። አማታቸው «ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሸሻል» ካሉ በኋላ ፈገግ ብለው፣ «ደግሞስ ስሙን ካወቁት ማን ደጃችንን ይጠናል?» ብለው ነበር። ምላሳቸውን አስሮ የያዘው የትኛው ቃል እንደሆነ እማማ ምስጢር በዚያች ቅጽበት አወቁት። አፈሩ።

«እማማ...» አለ አናጢው ዓይኑን ሳይገልጥ፤ ድምፁ የክር ያህል ቀጥኗል። «ሁለተኛ ባቄላ አልበላም... ይንገሯት።»

እማማ ምስጢር ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው የወንበሩን ክንድ ጨበጡ።

«እንዶድ» አሉ። «ለልብስ ማጠቢያ።»

ስሙ ከአፋቸው ወጣ። ጣሪያው አልተናደም።

«ሌላስ?» አለች ነርሷ።

«የብሳና ቅጠል። ለችፌ የሚቀባ።»

«የዓሣው ፍሬስ? ብርብራ አልነበረም?»

«የለም። ዓሣ አጥማጆቹ ወንዙ ሳይሞላ ወስደው ጨርሰውታል። በእጄ ነው የሰጠኋቸው፤ ፍርፋሪ አልቀረም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዚህ ልጅ ላይ አልዋሽም።»

«ሊሰጡት ያሰቡትስ? ተቀላቅሎ እንዳይሆን እሱንም ልወቀው።»

ይህ ከሁሉም ከበዳቸው። ወለሉን እያዩ፣ «እንስላል» አሉ።

«እንስላል?» አለ ፀጉር ቆራጩ። «ይሄ ከወንበሬ ኋላ የሚበቅለው? ደንበኞቼ እየረገጡት የሚያልፉት?»

«እሱው ነው።»

«ታዲያ ተራራ ምን ሊሠሩ ነበር የሚወጡት?»

«የቆዳው ቅጠል እዚያ ነው ያለው። ደግሞም ካንተ ወሬ አርፍበታለሁ።»

ከአልጋው ላይ የደከመ ድምፅ መጣ። «እንስላል... ጎንበስ እያልኩ... በሁለት እጄ እየተቀበልኩ...»

«አንተ ዝም ብለህ ዳን!» አለችው ሚስቱ።

ነርሷ ከዚያ በኋላ ጊዜ አላጠፋችም። መኪናው ይቅር ብላ ስልኳን አስቀመጠች። ፀጉር ቆራጩ «ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከተን እናስመልሰው» ሲል፣ «እንዶድ ሲገባም ያቃጥላል፣ ሲወጣም ያቃጥላል፤ እንዳትነካው!» ብላ አስጣለችው። በክንዱ ፈሳሽ ሰጠችው፤ አጠገቡ ተቀምጣ ደጋግማ ግፊቱን ለካች። ሚስቱ በየመሐሉ «ሞተ?» እያለች ጠየቀች፤ ነርሷም በየመሐሉ «አልሞተም» እያለች መለሰች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አናጢው ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን አየና፣ «ማነው ይሄን ጣሪያ የመታው? ጠማማ ነው» አለ። ሚስቱ እንደሚድን ያመነችው ያኔ ነው።

ነርሷ ባዶውን ጠርሙስ አንስታ ለእማማ ምስጢር አሳየቻቸው። «ይህ ቢጨመርለት ኖሮ...» ብላ ጀመረችና የቀረውን ተወችው። መጨረስ አላስፈለጋትም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ እኔ ቅጠል አልጠላም። እናቴም ሆዴን ሲነፋኝ እንስላል ነበር የምትሰጠኝ። የምፈራው ምንነቱን የማላውቀውን ነው። የኔ መድኃኒት እንኳ ብልቃጡ ላይ ስም ከሌለበት ለሰው አልሰጥም፤ እጥለዋለሁ» አለቻቸው።

በማግስቱ ወሬው መንደሩን ሞላ። ፀጉር ቆራጩ ነገሩን ለደንበኛ ሁሉ በነፃ፣ ከነምልክቱ ያወራል፤ «ፍየል» ያለውን ግን ይዘለዋል። ሴቶቹ ከወንበሩ ኋላ እንስላል እየቀጠፉ ሄዱ። የእማማ ምስጢር ደጅ ጭር አለ። እሳቸውም ይህን ጠብቀውት ነበር። የበለጠ የሚያሳስባቸው ግን ሌላ ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ያውም በፀጉር ቆራጭ ፊት ስሙ የተጠራው መድኃኒት አሁን ከደረቀ ሣር ይሻል ይሆን? መሞከሪያ አላገኙም። ደግሞም ፈሩ።

መሞከሪያው ግን በቤታቸው ነበር። አናጢው ካገገመ በኋላ ቃሉን ጠብቆ ባቄላ አልነካም፤ ስለ ጎመን ግን የገባው ቃል አልነበረም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሆዱን ይዞ ማድቤት በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ነፋኝ።»

ልጅቷ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «ሞ...»

«ዝም በይ!» አሉ ሁለቱም።

እማማ ምስጢር ቋጠሮውን አወረዱ። አፍንጫቸው ተከፍቷልና አሸተቱት፤ ቆንጥረው ቀመሱት፤ አፈሉት። ኩባያውን ሲዘረጉለት አናጢው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ስሙን ይጥሩልኝ።»

«ታውቀው የለ!»

«ከአፍዎ ልስማው። ስሙን ካልሰማሁ ውሃም አልጠጣ፤ ምዬአለሁ።»

እማማ ምስጢር ኩባያውን አዩ፤ እንፋሎቱ ኃይሉን ተሸክሞ የሚሄድ መሰላቸው። «እንስላል» አሉ በሹክሹክታ።

«አልተሰማኝም።»

«እንስላል! የእንስላል ፍሬ! አንድ ማንኪያ፣ ለተነፋ ሆድ! በቃህ?» ብለው ሲጮኹ ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤት «አቤት?» አለች።

አናጢው ጠጣ። ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ልጅቷ ወገቧን አስራ ቆመች። እማማ ምስጢር የአማቻቸውን ሆድ አፍጥጠው ያያሉ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ሆዱ ውስጥ ሩቅ አገር ነጎድጓድ ያለ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ አናጢው ዶሮዎቹን ከምድጃው ሥር ያስበረረ ግሳት አገሳ፤ ተከትሎም ሌላ ነገር አመለጠው፤ ሚስቱ በሩን ከፈተች።

«ተገላገልኩ!» አለ፤ ፊቱ በራ።

ኃይሉ የትም አልሸሸም። እማማ ምስጢር በሳቅ ፈረሱ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ እንባው ብቻ ቀረ። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ምንም እንዳልነበረ፣ ለዚያ ባዶ ነገር ሲሉም አንድ ሰው ሊያጡ እንደነበር ታያቸው።

ልጃቸውን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። «ነገ አብረን ተራራ እንወጣለን። የማውቀውን ሁሉ በስሙ እነግርሻለሁ፤ የቱ እንደሚጠጣ፣ የቱ እንደሚቀባ፣ የቱ አፍ መድረስ እንደሌለበት። በየቋጠሮው ላይ ትጽፊበታለሽ። የልብስ ማጠቢያው ደግሞ ዛሬውኑ ከማድቤት ይውጣ። ሕመሙ ከበረታ ግን ቅጠል አናፈላም፤ ጤና ጣቢያ ወዳለችው ልጅ ነው የምንሄደው።»

«እማዬ፣ ተራራው ላይ ብትወድቂስ?»

«ከወደቅሁማ ምን ታደርጊያለሽ? ቶሎ ቶሎ ጻፊ!»

ይህን ታሪክ የምታነቡ ወገኖች፣ እስቲ ተነሱና ጓዳችሁን እዩ። ምንነቱ ያልተጻፈበት ቋጠሮ የለም? በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ፣ በስኳር ዕቃ የተቀመጠ የአይጥ መርዝ የለም? «እኔ አውቀዋለሁ» ማለት አይበቃም፤ እናንተ ከቤት የምትወጡበት፣ ጉንፋን የሚይዛችሁ፣ አንድ ቀንም የማትመለሱበት ቀን አለ። አያቶቻችን ከጫካው የለዩት ዕውቀት ሀብት ነው፤ ግን የተደበቀ ሀብት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ አንዳንዴም ሌላ ሰው ይዞ ይቀበራል። ስለዚህ ስሙን የማታውቁትን አትጠጡ፤ ስሙን የምታውቁትን ደግሞ ለልጆቻችሁ ሳትነግሩ አትሙቱ።